160 ተማሪ፣ 38 ኮምፒውተር፣ ስድስት ሳምንት፦ ለኮምፒውተር ፈተና ዝግጅቱን ከየት ልጀምር?

ጥያቄ (ምክትል ርዕሰ መምህርት)

ሰላም ለሁላችሁ። የዘንድሮው ማጠቃለያ ፈተናችን በወረቀት መሆኑ ቀርቶ በኮምፒውተር እንዲሰጥ ተወስኗል። የቀረን ስድስት ሳምንት ነው። ተፈታኞቹ 160 ናቸው። የኮምፒውተር ክፍላችን (ላባችን) ውስጥ 40 ኮምፒውተር አለ፤ ሁለቱ አይነሱም። ፈተናው የሚሰጠው ግቢው ውስጥ ካለ ሰርቨር (ፈተናውን ለሌሎቹ የሚያድል ዋና ኮምፒውተር) ስለሆነ ኢንተርኔቱ ብዙም አያሳስበኝም። የሚያሳስበኝ ሰዉ ነው። ከተማሪዎቹ ግማሽ ያህሉ ስልክ ላይ እሳት ናቸው፤ ማውስ ግን ይዘው አያውቁም። መምህራኑ ደግሞ «እኛ ጥያቄውን እናወጣለን፣ የኮምፒውተሩን ነገር አይሲቲው ይወጣው» ብለው ቁጭ ብለዋል። አይሲቲው ደግሞ አንድ ሰው ነው። እኔ ከኮምፒውተር ክፍሎች ስም ተነስቶ እስከ ታይፒንግ የሚሄድ የሁለት ሳምንት ሥልጠና አዘጋጅቻለሁ። ያለፋችሁበት ካላችሁ፣ መንገዴ ልክ ነው?

መልስ (የአይሲቲ መምህር)

ይቅርታ ያድርጉልኝና ያንን ሥልጠና ይተዉት። የሲፒዩን ትርጉም ማወቅ ማንንም ከፈተና አያሳልፍም። ተማሪው የሚያስፈልገው ጥቂት ነገር ነው፦ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ማስገባት፣ ወደ ታች መውረድ፣ መልስ መርጦ መቀየር፣ ያለፈውን ጥያቄ ተመልሶ ማየት፣ የቀረውን ሰዓት ማንበብ፣ ማስረከብ። ይህን ደግሞ በጥቁር ሰሌዳ ማስተማር አይቻልም።

እኛ በመጀመሪያው ሳምንት ያደረግነው አንድ የውሸት ፈተና ማስቀመጥ ነበር። ጥያቄዎቹ «2 እና 3 ሲደመር ስንት ነው?» ዓይነት ናቸው። ይዘቱ ሆን ተብሎ ቀላል ይደረጋል፤ አለዚያ ልጁ የተሳሳተው ትምህርቱን ይሁን ማውሱን አይታወቅም። ያን ዕለት ያየሁትን ልንገርዎ። አንዱ ልጅ ስክሪኑን በጣቱ እየነካካ «መምህር፣ ይሄ ተበላሽቷል» ይላል። ሌላዋ ጎበዝ ተማሪ በስምንት ደቂቃ ጨርሳ ተነሳች። ሳየው በየገጹ የመለሰችው ሳትወርድ የሚታየውን የመጀመሪያ ጥያቄ ብቻ ነው። ከሥር ሌሎች ጥያቄዎች እንዳሉ ማን ነገራት? ከዚያ በኋላ በአንድ ገጽ አንድ ጥያቄ ብቻ እንዲታይ አደረግን፤ ግማሹ ችግር ያኔ ጠፋ።

መልስ (የባዮሎጂ መምህር)

እኔም ከ«አይሲቲው ይወጣው» ባዮቹ አንዱ ነበርኩ። ያስተማረኝ የራሴ ጥያቄ ነው። በወረቀት ዘመን የመጨረሻው ምርጫ ሁልጊዜ «ሁሉም መልስ ናቸው» ነበር፣ አይደል? ኮምፒውተሩ ምርጫዎቹን ሲያዘበራርቅ «ሁሉም መልስ ናቸው» አናት ላይ ወጥቶ «ሀ» ሆነ። «ሀ እና ለ መልስ ናቸው» የሚለውማ ጭራሽ ትርጉም አልባ ሆነ። ወይ ማዘበራረቁን ለዚያ ጥያቄ ያጥፉት፣ ወይ ምርጫውን ያስቀይሩ። «ከላይ ባለው ሥዕል» የሚለውም እንደዚያው፤ ሥዕሉ ቀድሞ የቀረ ገጽ ላይ ነው። ከራሱ ከጥያቄው ጋር ይግባ።

ባዶ ቦታ ሙላ የሚባለው ደግሞ ለብቻው ጉድ ነው። መልሱ «ፀሐይ» ተብሎ ከተመዘገበ «ጸሐይ» እና «ፀሀይ» ብሎ የጻፈ ልጅ ዜሮ ያገኛል። ማሽኑ ሀሌታውን ሀ እና ሐመሩን ሐ አንድ ናቸው አይልም። እኛ የሚያስኬዱትን አጻጻፎች ሁሉ አስገባን፤ ያም ሆኖ አምልጦ ስለቀረ አሁን ፊደል የሚያጠራጥረውን ሁሉ በምርጫ ነው የማወጣው።

ለመምህራኑ ስብሰባ አይጥሩ። እያንዳንዱ የባልደረባውን ፈተና በተማሪ መግቢያ ገብቶ ይፈተን። አንድ ሰዓት በቂ ነው። ጉድለቱን ሌላ ሰው ሳይነግራቸው ራሳቸው ያዩታል።

መልስ (የላብ ቴክኒሻን)

38ቱም ማሽኖች ላይ ተፈታኝ አያስቀምጡ። በአምስት ፈረቃ 32 32 ቢያስገቡ 160ው ያልቃል፤ ስድስት ማሽን ደግሞ ተጠባባቂ ይኖርዎታል። መልስ የሚቀመጠው ሰርቨሩ ላይ ከሆነ አንዱ ማሽን ቢሞት ልጁ ተነስቶ ሌላው ላይ ገብቶ ካቆመበት ይቀጥላል። ሙድልን (ትምህርትና ፈተና በኮምፒውተር የሚሰጥበትን ፕሮግራም) ከሆነ የምትጠቀሙት፣ ቅንብሩ ካልተነካ በየ60 ሴኮንዱ ራሱ ያስቀምጣል። ግን አይመኑኝ፤ በሙከራው ቀን የአንዱን ማሽን ኬብል መንቀል ነው። ሰዓቱ ግን ማሽኑ ቢጠፋም ይቆጥራል፤ ስለዚህ ለዚያ ልጅ ብቻ ደቂቃ መጨመርን ከፈታኞቹ ቢያንስ ሁለቱ ይልመዱት። ያላችሁ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆየው) አንድ ብቻ ከሆነ ሰርቨሩና ስዊቹ (ኮምፒውተሮቹን በኬብል ከሰርቨሩ የሚያገናኘው) ላይ ይሁን፤ ስዊቹ ከጠፋ 32ቱም ባንዴ ይቆማሉ።

አሮጌ ማሽኖች ካሏችሁ ቀናቸውን እዩ። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ ስትሞት ኮምፒውተሩ በነቃ ቁጥር ዓመታት ወደኋላ ይመለሳል፤ የሰርቨሩ አድራሻ በኤችቲቲፒኤስ (https) የሚጀምር ከሆነ ብሮውዘሩ የገጹን የደህንነት ሰርተፊኬት ቀን ከማሽኑ ቀን ጋር ስለሚያስተያይ «ይህ ገጽ አያስተማምንም» ብሎ አላስገባም ይላል። ልጁ ግን የይለፍ ቃሉን የተሳሳተ ይመስለዋል። የዊንዶውስ ማሻሻያም ከፈተናው ሳምንት በፊት ይቁም።

መልስ (የሒሳብ መምህርት)

ባዶ ወረቀት አትርሱ! ስክሪን ላይ እኩልታ የሚፈታ የለም። ሲወጡ ግን ይሰብሰብ፤ አምስት ፈረቃ ስላለ የመጀመሪያው ፈረቃ ወረቀት ለአምስተኛው መልስ ነው። ለዚያውም ጥያቄዎቹን ከጥያቄ ባንክ (ከተጠራቀሙ ብዙ ጥያቄዎች) ለየልጁ በዘፈቀደ ካላወጣችሁ፣ ውጭ የሚጠብቁት እንኳን ወረቀት ወሬም ይበቃቸዋል።

መልስ (ሌላ ፈታኝ)

ሴፍ ኤግዛም ብሮውዘርን ሳትሰሙ አትቀሩም፤ ዙሪክ ያለው ኢቲኤች ዩኒቨርሲቲ የሠራው ነፃ ፕሮግራም ነው፣ ልጁ ከፈተናው ገጽ እንዳይወጣ ይቆልፋል። ጥሩ ነው። መውጫው ግን የራሱ የይለፍ ቃል አለው። እኛ ያንን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነበር፣ ያ ሰው በዕለቱ ታሞ ቀረ። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር በግድ ስናጠፋ ዋልን። ጽፋችሁ ፖስታ ውስጥ አሽጉት።

ጠያቂዋ (ከሁለት ሳምንት በኋላ)

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ሥልጠናውን ተውኩት፤ የውሸት ፈተናውን አርብ ዕለት ሰጠን። ስክሪን የሚነካው ልጅ እኛም ጋ አለ፣ ያውም ሦስት። አራት ማሽኖች ቀናቸው ወደኋላ የቀረ ሆኖ ተገኝቶ ባትሪ ተቀየረላቸው። ኬብሉን ስንነቅል ልጁ ደነገጠ፣ ተጠባባቂው ላይ ግን ከ7ኛው ጥያቄ ቀጠለ። የታሪክ መምህራችን ደግሞ የሒሳቡን ፈተና ተፈተኑና «ሥዕሉ የት አለ?» እያሉ ሲጣሩ ሰማኋቸው።

ያልጠበቅነው የይለፍ ቃሉ ሆነ። ካርዱ ላይ ዜሮና ኦ፣ አንድና ኤል እየተመሳሰሉ የመጀመሪያው ፈረቃ ለመግባት ብቻ 20 ደቂቃ ፈጀ፤ በሁለት ኪቦርድ ላይ ደግሞ ካፕስ ሎክ (ትልልቅ ፊደል ማውጫው) በርቶ ነበር። ካርዶቹን በቁጥር ብቻ፣ ስድስት አሃዝ፣ በትልቁ አስደርገን እንደገና እያተምን ነው። ሁለተኛው ሙከራ ማክሰኞ ነው፤ አሁን ሰዓት ይያዛል።