ቦይለሩ ብሬከር ይጥላል፣ የሻወሩ ቧንቧም ይነዝራል፤ ምን እናድርግ?

የሰሚቷ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሰሚት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምንኖረው። 50 ሊትር የሚይዝ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የኤሌክትሪክ ቦይለር አለን። ከተገጠመ አራት ዓመት ሊሞላው ነው፤ አንድ ቀንም ተከፍቶ አያውቅም። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ስናበራው ቀዩ መብራት ይበራና አሥር ደቂቃ ያህል ቆይቶ ብሬከሩ ይጥላል። ብናነሳውም ያው ነው። ትናንት ደግሞ እናቴ የሻወሩን ቧንቧ ስትይዝ «ነዘረኝ» አለች። እኔም በእርጥብ እጄ ስነካው ክንዴ ድረስ ጉንዳን የወረረኝ መሰለኝ። ያመጣነው ባለሙያ «ብሬከሩ ደክሟል፣ በ32 አምፔር እንቀይረው» አለን። ሌላው ደግሞ «ቦይለሩ አልቆለታል፣ አዲስ ግዙ» ብሎን ሄደ። እናቴ ቁርጥማት ስላለባት ያለ ሙቅ ውሃ ጠዋት ይከብዳታል። የቱን እንመን?

ሽቦ ዘርጊ፦
እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ብሬከሩን አውርደሽ እንደወረደ ተዪው። ማንም እንዳያነሳው ለቤተሰቡ ሁሉ ንገሪ። የነዘራችሁ ነገር የዋዛ አይደለም፤ ሰው በዚህ ይሞታል። ቦይለሩ ውስጥ ያለው ሬዚስታንስ ውሃውን የሚያሞቀው፣ በብረት ቱቦ የተሸፈነ ሽቦ ነው። ቱቦው ሲሰነጠቅ ውሃው ወደ ውስጥ ይገባል፣ ኤሌክትሪኩ ደግሞ ወደ ውሃው ይወጣል። ሲሞቅ የሚሾልከው ስለሚጨምር ነው አሥር ደቂቃ የሚቆየው።

32 አምፔር ያላችሁን ሰው ደግማችሁ አትጥሩት። 1500 ዋት ቦይለር በ220 ቮልት 7 አምፔር እንኳ አይሞላም። ብሬከሩን ስታሳድጉት ግድግዳው ውስጥ ያለው ቀጭን ሽቦ እስኪቃጠል ድረስ አይጥልም ማለት ነው።

ሁለት ነገር ንገሪኝ። ብሬከሩ ላይ ትንሽ የመሞከሪያ ቁልፍ አለች? ቦይለሩ ውስጥስ ቢጫና አረንጓዴዋ የመሬት ሽቦ ታስራለች?

የሰሚቷ፦
ቁልፏ አለች፤ አጠገቧ 30 ሚሊ አምፔር ይላል። ወንድሜ ዋናውን አጥፍቶ የታችኛውን የፕላስቲክ ክዳን በካቻቢቴ ከፈተው። ቢጫና አረንጓዴዋ ሽቦ ወደ ኋላ ታጥፋ ናስትሮ ተጠቅልሎባታል። ምንም ላይ አልታሰረችም። አራት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሆኖ ነው ስንታጠብ የኖርነው?

ሽቦ ዘርጊ፦
አዎ፣ ያሳዝናል። ያቺ ቁልፍ ያለችው ብሬከር 30 ሚሊ አምፔር ያህል ኤሌክትሪክ ሲሾልክ የሚጥል ነው። የመሬት ሽቦዋ ታስራ ቢሆን ኖሮ የሾለከው በእሷ በኩል ይወርድና ብሬከሩ ወዲያው ይጥል ነበር፤ ማንንም አይነዝርም ነበር። ስትታጠፍ ግን ኤሌክትሪኩ የሚወርድበት በውሃውና በሰው በኩል ነው።

አሁን ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ያዙ። ዋናው ጠፍቶ እያለ ሬዚስታንሱ ላይ የታሰሩትን ሁለት ሽቦዎች ንቀሉ። በሁለቱ ጫፎች መካከል ሲለካ፣ 1500 ዋት ከሆነ 32 ኦም ገደማ፣ 2000 ዋት ከሆነ 24 ገደማ ያሳያል። ከዚያ አንዱን ጫፍ ከቦይለሩ ብረት ጋር ለኩት። እዚህ ቴስተሩ ምንም ማንበብ የለበትም፤ ካነበበ ሬዚስታንሱ ሄዷል።

የአያት ልጅ፦
እኛ ቤት ሬዚስታንሱ ነጭ ቅርፊት ይዞ ውሃው አልሞቅ ሲል፣ አውጥቼ አቼቶ ውስጥ አሳደርኩት፤ ቅርፊቱ ተራግፎ እንደ አዲስ ሠራ። ከመግዛታችሁ በፊት እሱን ሞክሩ።

የድሮው ቧንቧ ሠራተኛ፦
ልጄ፣ አቼቶው ለቅርፊት እውነት ነው። ውሃው ለመሞቅ ሲዘገይ፣ ወይም ቦይለሩ እንደ ጀበና ሲንተከተክ ይረዳል። የተሰነጠቀ ቱቦን ግን አይገጥምም፤ የነዘረ ሬዚስታንስ አይመለስም። የሰሚቷ ልጄ፣ በርሜሉ ራሱ እስካላፈሰሰ ድረስ ቦይለሩን እንዳትጥሉት።

አወጣጡ እንዲህ ነው። የቀዝቃዛውን መግቢያ ሳራቺኔስካ (የውሃ መዝጊያ) ዝጉ። የሙቁን ቧንቧ ክፈቱ፣ አየር ካልገባ ውሃው አይወርድም። ትርፍ ግፊት የሚያስወጣው ሴፍቲ ቫልቭ ላይ ያለችውን እጀታ አንስታችሁ በጎማ ወደ ባልዲ አውርዱት። ካልቸኮላችሁ እስከ መጨረሻው ይወርዳል። ከዚያ ብሎኖቹን ፍቱ። አሮጌውን ሬዚስታንስ ይዛችሁ ወደ ሱቅ ሂዱ፤ ዋቱ፣ የብሎኖቹ ቁጥርና የክዳኑ ስፋት አንድ መሆን አለበት። ውሃ እንዳያፈስስ የሚይዘውን ጎሚኒም አብራችሁ ቀይሩ። አጠገቡ ያለው የማግኒዥየም ዘንግ ተበልቶ ካለቀ እሱንም ቀይሩ፤ በርሜሉ እንዳይዝግ በእሱ ፋንታ የሚበላው ዘንጉ ነው።

አንድ ነገር አደራ፦ ውሃ ሳይሞላ እንዳታበሩት። የሙቁ ቧንቧ መትፋቱን ትቶ ቀጥ ብሎ እስኪወርድ ጠብቁ። በባዶ በርሜል የበራ ሬዚስታንስ በደቂቃዎች ይቃጠላል።

የሰሚቷ፦
ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልን። ለክተነው በሁለቱ ጫፎች መካከል 33 ኦም፣ ከብረቱ ጋር ደግሞ የሚዋዥቅ ቁጥር አሳየ። ቅዳሜ አወጣነው። ግማሽ ባልዲ የሚሆን እንደ እርጎ የወፈረ ነጭ ዝቃጭ ወረደ። ሬዚስታንሱ መታጠፊያው ላይ የፀጉር ያህል ቀጭን ስንጥቅ አለው፣ ዙሪያው አረንጓዴ ሆኗል። የማግኒዥየሙ ዘንግ መሐሉ ላይ ያለው ሽቦ ብቻ ነው የቀረው። ሁሉንም ቀየርን። ቢጫና አረንጓዴዋንም አስረናታል፤ ባለሙያው ከፌዝ (ኤሌክትሪክ ካለበት ሽቦ) ጋር ሲለካት 218 ቮልት ስላሳየች መሬት መያዟን አረጋገጠልን። አሁን ብሬከሩ አይጥልም፣ ቧንቧውም አይነዝርም።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ፤ ሲሞቅ ሴፍቲ ቫልቩ ጠብ ጠብ ይላል። ውሃ በፈረቃ ሲጠፋ ደግሞ የሙቁን ቧንቧ ስንከፍተው ወደ ውስጥ አየር ይስባል።

የድሮው ቧንቧ ሠራተኛ፦
ጠብ ማለቱ ጤና ነው። ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል፤ ከ50 ሊትር ከግማሽ ሊትር በላይ ትርፍ ይወጣል። ምንም ቢሆን እንዳትደፍኑት፣ ከታች ትንሽ ጎማ አድርጉለት። አየር መሳቡ ግን ሌላ ነው። ቫልቩ ውስጥ ውሃው ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚይዝ ክዳን አለ፤ እሱ በቆሻሻ ከተያዘ ውሃ ሲጠፋ በርሜላችሁ ወደ ታችኞቹ ፎቆች ይፈስሳል። በባዶው ካበራችሁት አዲሱንም ሬዚስታንስ ታቃጥላላችሁ። ቫልቩን ቀይሩት፤ እስከዚያው ውሃ ሲሄድ ሳራቺኔስካውን ዝጉና ብሬከሩን አውርዱ።

የሰሚቷ፦
ነገ እቀይረዋለሁ ጋሼ። እናቴ ዛሬ ጠዋት ታጥባ ወጥታ «እጁ ይባረክ በሉልኝ» ብላለች።