የጋራ ፕሮፖዛል ረቂቅ፦ የኮምፒውተር ድምፅንና ማይክሮፎኖችን አብሮ፣ በየራሳቸው ትራክ ስለ መቅዳት

የድምፅ ንዑስ ኮሚቴ ተጠሪ፦

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ በባሕር ዳር የሐይቅ ዳርቻ የደንገል ታንኳ የሚሠሩ አባቶችን ሙያና ትዝታ ለመቅዳት በያዝነው ዕቅድ ላይ የቴክኒክ ክፍሉን እንዳዘጋጅ በሰጣችሁኝ ኃላፊነት መሠረት ረቂቁን ለውይይት አቅርቤያለሁ። የምንቀዳው ቃለ ምልልስ እንደተለመደው ዓይነት አይደለም። ታንኳ ሠሪው አባትና ጠያቂው እዚሁ በሁለት ማይክሮፎን ይናገራሉ፤ ሦስተኛው ተሳታፊ ደግሞ፣ የታንኳ ሠሪው ልጅም ይሁን ተመራማሪ፣ ከጎንደር ወይም ከአዲስ አበባ በኢንተርኔት ጥሪ ይገባል። ስለዚህ ከላፕቶፑ የሚወጣውን ድምፅ ከሁለቱ ማይክሮፎኖች ጋር አብሮ መቅዳት ግድ ይለናል።

ፕሮፖዛሉ የቆመበት ሐሳብ ሦስቱ ድምፆች በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ማሽን ላይ ይቀዱ፣ በቀረጻው ሰዓት ግን በየራሳቸው ትራክ፣ ማለትም ለብቻው በሚቀመጥ የድምፅ መስመር፣ ይያዙ እንጂ ፈጽሞ አይደባለቁ የሚል ነው። ባለፈው ክረምት በሌላ ሥራ ላይ የሁለት ሰዓት ቃለ ምልልስ ስቀዳ ሁሉንም በአንድ ትራክ አድርጌው ነበር፤ በጥሪ የገቡት እንግዳ ሲያስላቸው የሽማግሌው አንድ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ተሸፍኖ ቀረ። በማግሥቱ ሄጄ እንዲደግሙልኝ ለመንኳቸው፤ በደግነት ነገሩኝ፣ ነገር ግን በሌላ ቃል ነበር። የመጀመሪያው አነጋገራቸው እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ትራኮቹ ተለያይተው ቢሆኑ ኖሮ ሳሉን ዝቅ አድርጎ ዐረፍተ ነገሩን ማዳን የደቂቃ ሥራ ነበር።

ሥራውን ሊኑክስ በሚባለው የኮምፒውተር ማስኬጃ ሥርዓት ላይ እንድናደርገው ያቀረብኩት የፈቃድ ክፍያ ስለሌለው ብቻ ሳይሆን የድምፁን መንገድ ራሳችን መዘርጋት ስለምንችል ነው። ቀድሞ ለዕለታዊ አገልግሎት ፐልስኦዲዮ፣ ለስቱዲዮ ሥራ ደግሞ ጃክ የሚባሉ የድምፅ ሥርዓቶች ለየብቻ ስለነበሩ ሁለቱን ማስማማት አድካሚ ነበር። ፕሮግራመሩ ዊም ታይማንስ የጀመረው አዲሱ የድምፅ ሥርዓት ፓይፕዋየር ለሁለቱም የተሠሩ ፕሮግራሞችን በአንድ ላይ የሚያስተናግድ ሲሆን፣ የሊኑክስ ዓይነቶች የሆኑት ፌዶራ በ2021፣ ኡቡንቱ በ2022 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) መደበኛ የድምፅ ሥርዓታቸው አድርገውታል። በዚህ ሥርዓት እያንዳንዱ የድምፅ መውጫ፣ ስፒከርም ሆነ የጆሮ ማዳመጫ፣ «ሞኒተር» የሚባል ጥንድ አለው፤ ወደ መውጫው የሚሄደው ድምፅ ሁሉ እንደ ማይክሮፎን ድምፅ ሆኖ ከሞኒተሩ ይቀዳል። የእንግዳውን ድምፅ የምናገኘው ከዚያ ነው።

አንድ አደገኛ ነገር ግን አለ። በቀረጻ መካከል አንድ ሰው የብሉቱዝ ማዳመጫ ቢያገናኝ ሥርዓቱ ድምፁን ወደ አዲሱ መውጫ ሊያዞረው ይችላል፤ እኛ የምንቀዳው የቀድሞውን ሞኒተር ስለሆነ እንግዳው ለእኛ እየተሰሙ ትራካቸው ባዶ ይሆናል። ስለዚህ የጥሪው ፕሮግራም በቀጥታ ወደ ማዳመጫው ሳይሆን እኛ ወደምንፈጥረው ምናባዊ (በሶፍትዌር ብቻ ያለ) መውጫ እንዲገባ፣ ከዚያም አንዱ ቅርንጫፍ ወደ ቀረጻው፣ ሌላው ወደ ማዳመጫው እንዲሄድ አድርጌ አቅርቤያለሁ። ግንኙነቱ የድምፅ መስመሮችን በሥዕል በሚያሳየው በኪውፒደብሊውግራፍ ፕሮግራም መስኮት ላይ ገመድ እንደ መሰካት ሆኖ በዓይን ስለሚታይ፣ ለአዲስ አባልም ለማስረዳት አያስቸግርም።

ገንዘብ ያዥ፦

ረቂቁን በጥሞና አንብቤዋለሁ፤ አመሰግናለሁ ወንድሜ። ድምፁን ለየብቻ ማስቀመጥ የዲስክ ወጪያችንን ምን ያህል ከፍ እንደሚያደርገው በቁጥር ቢቀመጥልን በጀቱን ለመደገፍ ይቀልለኛል። ደግሞስ አንደኛውን ድምፅ በስልክ፣ ሌላውን በላፕቶፕ ቀድተን በኋላ ብናገጣጥማቸው መሣሪያ አይቆጥብልንም?

ተጠሪ፦

ጥያቄዎ ተገቢ ነው እህቴ። በ48,000 ኸርትዝ (በሴኮንድ 48,000 የድምፅ ናሙና) እና በ24 ቢት (ለእያንዳንዱ ናሙና 3 ባይት) አንድ ነጠላ ትራክ በሴኮንድ 144,000 ባይት፣ በሰዓት 518 ሜጋባይት ያህል ይወስዳል። ለሦስት ነጠላ ትራኮች በሰዓት ወደ 1.6 ጊጋባይት ስለሚደርስ፣ ሃያ ቃለ ምልልሶች እያንዳንዳቸው ሁለት ሰዓት ቢፈጁ ከ65 ጊጋባይት አያልፍም። ሁለተኛ ቅጂ በሌላ ዲስክ፣ በሌላ ቤት ብናስቀምጥ እንኳ ሸክሙ ቀላል ነው።

ስልክና ላፕቶፕ ማጣመሩን ግን አልደግፍም። እያንዳንዱ መሣሪያ ድምፅ የሚቆጥረው በራሱ ሰዓት ነው፤ የሁለቱ ሰዓት ከሚሊዮን በ50 ብቻ ቢለያይ ከአንድ ሰዓት ቀረጻ በኋላ ልዩነቱ 0.18 ሴኮንድ ይደርሳል፣ ጥያቄና መልስም ይፋለሳሉ። በአንድ ላፕቶፕ ላይ ከሆነ ግን የዩኤስቢ ማይክሮፎኖቹ ሰዓት ቢለያይም ፓይፕዋየር አንዱን መሪ አድርጎ ሌላውን እያስተካከለ ያስኬዳቸዋል።

ከዘጌ የሚመጡ አባል፦

ጤና ይስጥልኝ። ሁለት ነገር ልጨምር። መብራት ሲጠፋ ቀረጻው ምን ይሆናል? ሁለተኛው ከልቤ የምለው ነው። ባለፈው በሙከራው ላይ የነበረው ቅጂ ንግግሩ ጥርት ብሎ ሲሰማ፣ አባታችን ደንገሉን ሲያጠብቁት የሚሰማው ድምፅ ግን የለም። እኔ ያደግሁት ያንን እየሰማሁ ነው፤ ነዶው በጉልበት ሲጫኑት መጀመሪያ ይንሿሿል፣ ማሰሪያው ሲሳብ ደግሞ እንደ ቆዳ ይጮኻል። ሠሪው መጥበቁን የሚያውቀው በዚያ ድምፅም ጭምር ነው።

ተጠሪ፦

ይህን ስላነሱልን ከልብ አመሰግናለሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። በሙከራው ቀን ምስልና ድምፅ በሚቀዳው ፕሮግራም በኦቢኤስ ስቱዲዮ ላይ የጫጫታ ማጥፊያውን ማጣሪያ በማይክሮፎኑ ላይ አብርቼው ነበር። ያ ማጣሪያ የሰው ንግግር ያልመሰለውን ሁሉ ስለሚያፍን የደንገሉን ድምፅ እንደ ጫጫታ ቆጥሮ አጠፋው፤ ማጣሪያው ቀረጻው ከመጻፉ በፊት ስለሚሠራም የጠፋው አይመለስም። ስለዚህ «በቀረጻ ጊዜ ምንም ዓይነት ማጣሪያ አይበራም፤ ማጽዳት የሚደረገው ከዋናው ቀረጻ በተባዛ ቅጂ ላይ ብቻ ነው» የሚል አንቀጽ አስገብቻለሁ። የጥሪው ፕሮግራም በራሱ የሚያጣራው ወደ እንግዳው የሚላከውን ድምፅ እንጂ እኛ ከማይክሮፎኑ በቀጥታ የምንቀዳውን አይደለም።

መብራትን በተመለከተ ላፕቶፑ በባትሪው ይቀጥላል፤ የዩኤስቢ ማይክሮፎኖችን የመረጥኩትም ኃይል ከላፕቶፑ ስለሚያገኙ ነው። ባትሪውም ቢያልቅ ኦቢኤስ ኤምኬቪ በሚባለው የፋይል ዓይነት ከጻፈ እስከዚያች ቅጽበት የተቀዳው ይተርፋል፤ በተለመደው ኤምፒ4 ቢሆን ግን ፋይሉ ሳይዘጋ ስለሚቋረጥ ሙሉው ሊበላሽ ይችላል።

የኮምፒውተር መምህር የሆኑ አባል፦

ኦቢኤስ እስከ ስድስት ትራክ ስለሚይዝና አብዛኞቻችን ስለለመድነው እሱው ይበቃናል ብዬ አስብ ነበር፤ ነገር ግን እንደ መደበኛ አሠራሩ ድምፁን ጨምቆ ስለሚጽፍ፣ ለመዝገብ የሚቀመጠው ሳይጨመቅ አርዶር በሚባለው የድምፅ መቅጃ ፕሮግራም ቢቀዳ የተሻለ ነው። ኦቢኤስ ምስል በሚያስፈልግባቸው ቀናት ተጨማሪ ሆኖ ይሥራ። በተጨማሪም ሁሉም ተሳታፊ ባለ ገመድ ማዳመጫ ማድረግ አለበት፤ የእንግዳው ድምፅ ከስፒከር ወጥቶ ወደ ማይክሮፎኖቹ ከገባ ትራኮቹን መለየታችን ከንቱ ይሆናል።

ተጠሪ፦

ሁለቱንም ተቀብዬ ረቂቁ ውስጥ አስገብቻለሁ። ማዳመጫ ማድረግ ለማይመቻቸው አባቶች ጠያቂው ብቻ ይሰማና የእንግዳውን ጥያቄ በቃሉ ይድገምላቸው።

ጸሐፊ፦

ከመቀዳታቸው በፊት ታንኳ ሠሪውም በጥሪ የሚገቡትም ሰው ፈቃዳቸውን በገዛ ድምፃቸው እንዲሰጡና ይኸው በየትራኩ መጀመሪያ ላይ እንዲቀዳ ጨምሬያለሁ። የተስተካከለውን ረቂቅ ለቅዳሜ ስብሰባ አዘጋጃለሁ።

ተጠሪ፦

እንግዲያውስ ቅዳሜ ከስብሰባው በፊት ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ በሐይቁ ዳር እንሞክረው። ከዘጌ የሚመጡት አባላችን አንድ ነዶ ደንገል ይዘውልን ቢመጡ፣ መምህሩ ከቤታቸው በጥሪ ቢገቡልን ደስ ይለኛል። እኔ እዚህ አንድ ጊዜ፣ መምህሩ እዚያ አንድ ጊዜ እናጨበጭባለን፤ የእኔ ጭብጨባ በሁለቱ ማይክሮፎኖች ትራክ፣ የእሳቸው በጥሪው ትራክ ብቻ ከታየ፣ ነዶው ሲጠብቅም ድምፁ በማዳመጫው ጥርት ብሎ ከተሰማ፣ ረቂቁን አባላት ድምፅ እንዲሰጡበት እናቀርበዋለን።