ለቫኬሽን ትኬት ቆርጠናል፣ የመመለሻው የኮቪድ ቴስት ግን እንቅልፍ ነስቶኛል

የሁለቱ እናት፦
ሰላም ቤቶች፣ ያለፈበት ሰው ካለ እስቲ ይምከረኝ። ፌብሩዋሪ 2022 መጨረሻ ላይ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር (ትልቋ 6 ዓመቷ ነው ትንሹ ገና ዓመት ከመንፈቁ) ለ10 ቀን ወጣ ብለን ልናርፍ ነው፣ መጀመሪያ ባህሩ ጋ ከዛ ደግሞ ወደ ከተማው ገብተን ዘመድ ምናምን ጠይቀን እንመለሳለን ብለን ነው ያሰብነው። ትኬቱን የቆረጥነው ኦክቶበር ላይ ነው፣ ያኔ ወደ አሜሪካ ለመመለስ የ3 ቀን ቴስት ይበቃ ነበር፣ ከዛ ኦሚክሮን የሚባለው አዲሱ የኮቪድ ዝርያ መጣና ከዲሴምበር 6 2021 ጀምሮ የተከተበም ያልተከተበም ሊበር አንድ ቀን ሲቀረው የተሰራ ቴስት ነው የሚጠየቀው። የምንሄድበት አገር ደግሞ ለመግቢያ የ72 ሰዓት ፒሲአር ይፈልጋል። ሌላው ጣጣ እኔ ራሴ ዲሴምበር መጨረሻ ላይ ይዞኝ ነበር፣ አሁን ደህና ነኝ ግን ፒሲአር ብሰራ አሁንም ፖዘቲቭ ሊለኝ ይችላል ይላሉ እውነት ነው? የመመለሻው በረራ እሁድ ለሰኞ አጥቢያ ነው፣ ትኬቱ ላይ ሰኞ 00፡40 ይላል። ባለቤቴ ይቅርብን ብሏል እኔ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ የትም አልሄድኩም። ምን ትሉኛላችሁ?

ሻንጣ ዝግጁ፦
እህቴ ሁሉም ሰው የሚሳሳተው አንድ ቦታ ነው፣ መሄጃውን ሲያቅድ ይከርማል መመለሻውን እዛው ስንደርስ እናያለን ይላል። መሄጃ ላይ ፖዘቲቭ ብትሆኚ ቤትሽ ነሽ፣ ትኬት ይራዘማል አለቀ። መመለሻ ላይ ነው ጉዱ። ስለዚህ ከመጨረሻው ቀን ተነስተሽ ወደ ኋላ አቅጂ። ያንቺ በረራ ሰኞ 00፡40 ከሆነ አንድ ቀን በፊት ማለት እሁድ ነው፣ ቅዳሜ ማታ የተሰራ አይሰራም! እኛ በአፋችን እሁድ ለሊት ነው የምንበረው ስለምንል ብዙ ሰው ቅዳሜ ይሰራና ኤርፖርት ላይ ጉድ ይሆናል። እሁድ ደግሞ ብዙ ላብራቶሪ ዝግ ነው ወይ ግማሽ ቀን ነው። እኔ ብሆን በረራውን ወደ ሳምንቱ አጋማሽ አዞረዋለሁ፣ አየር መንገዶቹ በዚህ ሰሞን ቀን መቀየር ላይ እንደ ድሮው አይጨክኑም።

ቀጠሮ አክባሪ፦
አንድ ቀን ማለት 24 ሰዓት ነው አይደል? እና በረራው ከለሊቱ 6፡40 ከሆነ እሁድ ጠዋት ብትሰራ ምንም ችግር የለውም ቅዳሜ ከለሊቱ 7 ሰዓትም ቢሆን ያው ነው 24 ሰዓት ውስጥ ነው

ሻንጣ ዝግጁ፦
@ቀጠሮ አክባሪ አይ፣ በሰዓት አይቆጠርም በቀን ነው። ዓርብ ከሰዓት የሚነሳ በረራ ካለህ ሐሙስ በየትኛውም ሰዓት የተሰራ ይቀበላሉ፣ ሐሙስ ጠዋት ማልዶ የተሰራም ቢሆን። ያንተው ከለሊቱ 7 ሰዓት ራሱ ቀኑ እሁድ ሆኗል እኮ። በሰዓት የሚቆጥሩት ሌሎች አገሮች ናቸው፣ እነሱ ጋ ነው ናሙናው ስንት ሰዓት ተወሰደ የሚባለው። ሁለቱን አታምታቱ ሰው ታስቀራላችሁ።

ነጭ ጋውን፦
ሰላም የሁለቱ እናት። እኔ በሙያው ውስጥ ስላለሁ ስለ ፒሲአሩ ልመልስልሽ። አዎ እውነት ነው፣ ፒሲአር የሚፈልገው የቫይረሱን የዘር ቁራጭ ስለሆነ ሰው ድኖ ወደ ሌላ ማስተላለፍ ካቆመ በኋላም ለሳምንታት አንዳንዴም እስከ 3 ወር ፖዘቲቭ ሊያሳይ ይችላል። አንቲጅን የሚባለው ራፒዱ (ፈጣኑ ቴስት) ግን ብዙ ጊዜ የሚያወጣው ቫይረሱ በብዛት ሲኖር ነው፣ ቶሎም ይጠራል። ወደ አሜሪካ ለመመለስ ራፒዱም ይበቃል፣ ስለዚህ ለመመለሻው ማንም ፒሲአር ስሪ ቢልሽ አትስሪ፣ ውጤቱም በአንድ ቀን ላይደርስልሽ ይችላል። ሌላው መንገድ ደግሞ ከህመም መዳንሽን የሚያሳይ ማስረጃ ነው፣ ከበረራው በፊት ባሉት 90 ቀናት ውስጥ የተሰራ ፖዘቲቭ ውጤትና መጓዝ ትችላለች የሚል የሐኪም ደብዳቤ፣ የሐኪሙ ስምና አድራሻ ስልክም ያለበት። ዲሴምበር መጨረሻ ከተሰራሽ እስከ ማርች መጨረሻ አካባቢ ይሰራልሻል ማለት ነው። ግን ቤት ውስጥ ለብቻሽ የሰራሽው ከሆነ ፎቶው አይረባም፣ ወረቀቱ ከላብራቶሪ ወይ ከክሊኒክ መሆን አለበት።
የምትሄዱበት አገር ይሄን ደብዳቤ ይቀበል አይቀበል ግን የራሱ ነገር ነው፣ ካናዳ ለምሳሌ በዚህ ሰሞን (2022 መጀመሪያ) እስከ 180 ቀን የቆየ ፖዘቲቭ ትቀበላለች ሌላው ደግሞ ነጌቲቭ ካልሆነ በጭራሽ ይላል። ይሄን ከጓደኛ ሳይሆን ከአገሩ መንግስት ገጽ ላይ አንብቢ። ከቻልሽ ከጉዞው ሁለት ሳምንት ቀድመሽ አንድ ፒሲአር ለራስሽ ተሰሪና እወቂው፣ አሁንም ፖዘቲቭ ካለሽ ያኔ ለማሰብ ጊዜ አለሽ።
እና አደራ አንቲጅንና አንቲቦዲ አይምታታባችሁ። አንቲቦዲ የደም ምርመራ ነው ወደ አሜሪካ ለመመለስ አያገለግልም፣ ያን ይዞ የመጣ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ ያሳዝናል።

ተመላሽ፦
እኔ ደርሶብኛል ስለዚህ ያለ ስኳር ልንገርሽ። እኔ ሚስቴና ሁለት ልጆች ነበርን፣ የመጨረሻው ቀን ተሰራን፣ ሶስቱ ነጌቲቭ እኔ ፖዘቲቭ፣ ሳል የለ ትኩሳት የለ ምንም። ሎቢ ውስጥ ቆመን በሹክሹክታ ማን ይሂድ ማን ይቅር ስንል አንድ ሰዓት ፈጀን። እነሱ ሄዱ እኔ 10 ቀን አንድ ክፍል ውስጥ ግድግዳ ሳይ ከረምኩ። የጉዞ ኢንሹራንስ ነበረኝ፣ ስደውል አልታመምክም እኮ ነው ያሉኝ! ውሉ ህመም ነው የሚሸፍነው ኳራንቲን አይሸፍንም፣ እኔም ሳላነብ ነው የፈረምኩት። ስለዚህ ስትገዢ ፖዘቲቭ ሆኜ ሳልታመም ብቀር ሆቴሉንና አዲሱን ትኬት ትከፍላላችሁ ወይ ብለሽ በጽሁፍ ጠይቂ።
ያንቺ ደግሞ ትንሹ ከ2 ዓመት በታች ስለሆነ ቴስት አይጠየቅም ግን ለብቻው አይበርም አይደል። ማን ከማን ጋር እንደሚቀር ከቤት ሳትወጡ ተነጋገሩ። የሚዋጥ መድኃኒት ያለው ሰው ካለ የ10 ቀን ትርፍ ያዙ፣ ባልሽ ከሩቅ መስራት የሚችል ከሆነ ላፕቶፑን ይያዝ።

ቤቴ ይሻለኛል፦
ይሄ ሁሉ ለ10 ቀን መዋኛ 😂 እኔ ብሆን ገንዳ ውስጥ ውሃ ሞልቼ ልጆቹን አስገባቸው ነበር

ሻንጣ ዝግጁ፦
@ቤቴ ይሻለኛል ስምህ ይመሰክራል

የሁለቱ እናት፦
😂😂 እናንተ ሰዎች። በእውነት አመሰግናለሁ፣ ደብዳቤው እንዳለ ጭራሽ አላውቅም ነበር። የተመላሽን ለባለቤቴ አነበብኩለት፣ ዝም ብሎ ቆየና እኔ ነኝ የምቀረው አለኝ። በረራውን ወደ ረቡዕ ልናደርገው ነው። አንድ ያልነገርኳችሁ፣ መሄጃው ላይ መሃል አንድ ቦታ አውሮፕላን እንቀይራለን፣ ረከስ ስላለልን በሁለት የተለያየ ትኬት ነው። ችግር አለው?

ሻንጣ ዝግጁ፦
አለው እንጂ። ትኬቱ አንድ ቢሆን ሻንጣው በቀጥታ ይሄዳል እናንተም ትራንዚት ውስጥ ትቆያላችሁ። ሁለት ሲሆን ሻንጣ ወስዳችሁ እንደገና ቼክ ኢን ለማድረግ ኢሚግሬሽን ልታልፉ ትችላላችሁ፣ ያኔ ለዛች አገር ገቢ መንገደኛ ናችሁና የሷም ህግ ይመለከታችኋል። ደግሞም 72 ሰዓቱ ከየት እንደሚቆጠር እይ፣ አንዳንዱ ከመጀመሪያው በረራ አንዳንዱ ከመጨረሻው በረራ መነሻ አንዳንዱ እዛ ከምትደርሱበት ሰዓት ነው የሚቆጥረው። የመጀመሪያው በረራ ቢዘገይና ቴስቱ ቢያልፍባችሁ ሁለተኛው አየር መንገድ አያገባውም። እኔ ብሆን ትንሽ ጨምሬ አንድ አደርገዋለሁ።

ነጭ ጋውን፦
ሁለት ነገር ልጨምር። ኦሚክሮን ቶሎ ነው የሚወጣው፣ ከተጋለጡ በኋላ በአማካይ 3 ቀን አካባቢ። ስለዚህ ፕሮግራሙን ገልብጡት፣ ከተማውንና ዘመድ ጥየቃውን መጀመሪያ አድርጉትና የመጨረሻዎቹን 4 ቀናት ባህሩ ጋ ከሰው ራቅ ብላችሁ አሳልፉ። ሁለተኛ፣ ባለሙያ በቪዲዮ እያያችሁ የሚሰራውን የቤት ቴስት ከዚህ ገዝታችሁ መሄድ ትችላላችሁ፣ አሜሪካ ትቀበለዋለች ግን ያለ ቪዲዮ ለብቻ የተሰራውን አይደለም። ትርፍ አንድ ሁለት ያዙ፣ የሚያልቅበትን ቀን እዩ፣ ፀሐይ የሚመታው መኪና ውስጥ አትተዉት አብዛኞቹ ከ30 ዲግሪ በላይ ሙቀት አይችሉም። የሆቴሉንም ኢንተርኔት አስቀድማችሁ ሞክሩት።

አዲስ ገቢ፦
የቆየ ውይይት መቀስቀሴ ነው ይቅርታ ግን እኔም በዚህ ሰመር ልሄድ ነው፣ የሁለቱ እናት በመጨረሻ ሄዳችሁ?

የሁለቱ እናት፦
ሄድን! እኔ የፈራሁት ፒሲአር ነጌቲቭ አለኝ፣ ደብዳቤውን ግን እንደ ታቦት ተሸክሜው ዞርኩ። መመለሻ ላይ ማክሰኞ ጠዋት በቪዲዮ ተሰራን፣ አራት ሰዓት ሳይሞላ ኢንተርኔቱ ሁለቴ ተቋረጠብን፣ ልጄ አፍንጫዬን አትንኩኝ ብላ አልጋ ስር ገባች፣ ሴትየዋ ስክሪኑ ላይ እየጠበቀች እኛ ልጅ ስንጎትት። ከዛ ውጤቱ ሲመጣ የባለቤቴ ስምና የአባቱ ስም ተገለባብጦ፣ ከፓስፖርቱ ጋር ላይገጥም ነው ብለን እስኪያስተካክሉት ላብ በላብ ሆንን። ቀድመን ስለሰራን ደረሰልን። አንተ ግን ዕድለኛ ነህ፣ ከጁን 12 2022 ጀምሮ ወደ አሜሪካ ለሚገባ ቴስቱ ቀርቷል፣ የምትሄድበትን አገር ብቻ እይ።

አዲስ ገቢ፦
እሰይ! ልጅቷ ግን እንዴት ወጣች ከአልጋ ስር?

የሁለቱ እናት፦
አባቷ ነው ገብቶ እዛው የሰራላት 😅