ደላንታ ገደል ላይ ያሉትን የተተዉ የኦፓል ጉድጓዶች ብቻዬን ሄጄ ማየት እፈልጋለሁ፤ አካባቢውን የሚያውቅ አለ?

የኮምቦልቻዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ኮምቦልቻ ነው የምኖረው። ሥራዬ ፋብሪካ ውስጥ ስለሆነ ሳምንቱን ሙሉ ከቆርቆሮ ስር ነኝ። እሁድ ተራራ ካልወጣሁ ሰኞ ሰው አልሆንም። ሐረጎን በእግሬ ወጥቼዋለሁ። ደሴ አክስቴ ጋ ሳድር ደግሞ በጠዋት ተነስቼ ጦሳ ላይ ነኝ። ሁሌም ብቻዬን ነው የምሄደው። ሰው ጠልቼ አይደለም። አብሮ የሚወጣ ሰው መጀመሪያ ያወራል፣ ከዚያ ይደክመዋል፣ ከዚያ «እስቲ ፎቶ አንሺኝ» ይላል።

ሰሞኑን የአክስቴ ጎረቤት የደላንታ ኦፓል የሚባለውን የከበረ ድንጋይ አሳየችኝ። ከትንሽ ጣት ጥፍር አትበልጥም። ጥላ ላይ ስትሆን ነጭ ናት፣ መስኮት ጋ ወስዳችሁ ዞር ስታደርጓት አረንጓዴ ይወጣባታል፣ ትንሽ ስታዘነብሏት ቀይ። ከየት እንደወጣች ስጠይቅ ገደል ላይ ከተቆፈረ ጉድጓድ ነው አሉኝ። ብዙዎቹ ጉድጓዶች አሁን ሰው የለባቸውም ተባለ።

አፋር ያለውን ዳሎልንም አስቤ ነበር፤ ጣሊያን ትቶት የሄደው የማዕድን ሰፈር አለ ሲሉ ሰምቻለሁ። ግን መጀመሪያ ቅርቡን ልይ ብዬ ነው። የደላንታ ከተማ ወገል ጤና አድሬ በጠዋት ፀሐይ መውጫ ወደሚባለው ቦታ ብሄድ፣ ገደሉን ተከትዬ ጉድጓዶቹን አይቼ በዚያው ቀን መመለስ እችላለሁ? ውስጥ መግባትስ? የግንባር ባትሪ አለኝ፣ ገመድ መግዛት እችላለሁ። «ሴት ልጅ ብቻዋን» የሚል መልስ ካለ እናቴ ስለጨረሰችው ይቅርብኝ።

ሙጋድ ሰፈር

እሺ «ሴት ልጅ ብቻዋን» አልልም። ጅቡ ግን ወንድ ሴት ብሎ አይለይም 😄 እስቲ የሚያውቁት ይምጡ፣ እኔም ልስማ።

ባጃጁ

እህቴ፣ እኔ እዚያ ቆፍሬያለሁ። ወገቤ እምቢ ሲለኝ ነው ደሴ ገብቼ ባጃጅ የያዝኩት። ስለዚህ ከሰማሁት ሳይሆን ከነካሁት ነው የምነግርሽ።

መንገዱ ቀላል ነው። ከደሴ በጠዋት መናኸሪያ ከደረስሽ በኩታበር በኩል ወገል ጤና የሚሄድ ታገኛለሽ። መስከረም 21 አካባቢ ግን አትሞክሪው፤ ያኔ በዚያ መስመር ያለው መኪና ሁሉ የግሸን ማርያም ተሳላሚ ነው የሚጭነው። የመንገዱን ሰላም ደግሞ ከመሄድሽ በፊት ባለው ቀን ሾፌሮቹን ጠይቂ። ፌስቡክ ላይ አትጠይቂ። ሾፌር ልጆቹን የሚያበላው በመኪናው ስለሆነ አይዋሽሽም።

አሁን ወደ ጉድጓዱ። «የተተወ» ያሉሽ ሰዎች ከሩቅ አይተው ነው። ሰው የሌለበት ጉድጓድ ባለቤት የለውም ማለት አይደለም። አንዱ ለመኸር ወጥቶ ነው፣ ሌላው ገንዘብ አልቆበት ነው፣ ሌላው ከአጎራባቹ ተጣልቶ ሽማግሌ እየጠበቀ ነው። ጉድጓዶቹ ውስጥ ለውስጥ ይገናኛሉ። እኔ ከዚህ እየቆፈርኩ አንተ ከዚያ ስትመጣ መሀል ላይ እንገናኛለን፤ ድንጋዩ የማን ነው የሚለው ጭቅጭቅ የዚያን ቀን ይጀመራል። አንቺ የግንባር ባትሪ አስረሽ፣ ገመድ ተሸክመሽ፣ ብቻሽን ብቅ ስትዪ ማንም ተራራ ልትወጪ መጣሽ አይልም። ወይ የደላላ ሰላይ ነሽ፣ ወይ ሌባ ነሽ። ወላሂ፣ ከጅቡ ይልቅ ይሄ ያሳስበኛል።

ሁለተኛው ነገር ጣራው ነው። እኛ ስንገባ መጀመሪያ የምናደርገው ጣራውን በመዶሻ ጫፍ መታ መታ ማድረግ ነው። ደህና ድንጋይ ጥርት ያለ ድምፅ ይመልሳል፣ ጥን ይላል። የለቀቀው ባዶ እንስራ እንደመታሽ ድም ይላል። ድም ካለ እጅሽን አታነሺም፤ ወደ ኋላ ነው። ደቃቅ አፈር ከላይ እንደ ዱቄት መንጠባጠብ ከጀመረም ዕቃ አይነሳም፣ ሰው ብቻ ይወጣል። ይሄን ጆሮ የሚያውቀው ሲቆይ ነው፣ ነግሬሽ አይገባሽም። ባትሪሽ ደግሞ ጣራውን ያሳይሻል እንጂ ከጣራው በላይ ያለውን አያሳይሽም።

ሰው የወጣበት ጉድጓድ ደግሞ ከሚሠራበት የባሰ ነው። ለምን መሰለሽ? ስንቆፍር ጣራውን እንዲሸከም መሀል መሀል ላይ ሳንነካ የምንተወው ምሰሶ አለ። እሱም ውስጥ ኦፓል አለ። ጉድጓዱ አለቀ ሲባል፣ ሰው ሊሄድ ሲል መጨረሻ ላይ ዓይኑን የሚጥለው እዚያ ምሰሶ ላይ ነው። አንዱ ይነካዋል፣ ሌላው ማታ መጥቶ ይጨምርበታል። አንቺ የምትገቢበት ምሰሶው በተበላ ቤት ውስጥ ነው። ከውጭ ስታዪው ግን ያው ጉድጓድ ነው፣ ምንም አይልም።

በዚህ ላይ ብቻሽን ነሽ። ቆፋሪ ብቻውን አይገባም። ስንት ደፋር አይቻለሁ፣ ብቻውን የሚገባ ግን አላየሁም። አንድ ሰው አፉ ላይ ይቀመጣል፣ ሥራው መስማት ብቻ ነው። ተራራውን ብቻሽን ውጪ፣ ማንም አይከለክልሽም። ጉድጓዱ ግን የአንድ ሰው ነገር አይደለም።

የኮምቦልቻዋ

ባጃጁ፣ ስለ ምሰሶው የነገርከኝን ማንም አልነገረኝም፤ እግዜር ይስጥልኝ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ጥልቅ መግባት አልፈልግም፤ አምስት ስድስት እርምጃ ገብቼ የድንጋዩን ሽፋን አይቼ ብወጣስ? አየሩን ለማወቅ ሻማ ይዞ መግባት ይበቃል የሚሉ አሉ።

ጡረተኛው መምህር

ልጄ፣ ጂኦግራፊ አስተምር ነበርና እዚህ ላይ ትንሽ ልግባ። ተማሪ ሳይኖረኝ ስለቆየሁ ካረዘምኩ ታገሡኝ።

መጀመሪያ ያ ድንጋይ ለምን እዚያ ገደል ላይ ብቻ እንደሚገኝ ማወቅ ይጠቅምሻል። የደላንታ አምባ የተሠራው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከፈነዳ እሳተ ገሞራ ነው። አንዴ ጥቁር ባዛልት ፈሰሰ፣ አንዴ አመድ ወረደ፣ እንደገና ባዛልት፣ እንደገና አመድ። ገደሉን ከሩቅ ስታዪው ያ መደራረብ ይታይሻል። ውሃ በአመዱ ድንጋይ ውስጥ ሲሰርግ ሲሊካ የሚባለውን፣ ኦፓል የሚሠራበትን ማዕድን እያሟሟ ይወርዳል። ከታች ሸክላ አፈር ሲያጋጥመው መውረድ ያቆማል፣ እዚያው ይተኛል። ኦፓሉ የሚረጋው እዚያ መገናኛ ላይ ነው። ኦፓል ያለበት ንብርብር በብዙ ቦታ ውፍረቱ ከ1 ሜትር አይሞላም። ስለዚህ ቆፋሪው ወደ ታች አይቆፍርም፤ ያችን ቀጭን መስመር ይዞ ወደ ጎን ገደሉ ውስጥ ይገባል።

ባጃጁ የነገረሽ ከዚህ ጋር ይገጥማል። ወለሉ ሸክላ ነው፣ ጣራው ቀዳዳ የበዛበት የአመድ ድንጋይ ነው። ሸክላ ሲረጥብ ያብጣል፣ ይንሸራተታል፤ ጣራው ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል። ወሎ ደግሞ ክረምት ብቻ አይደለም የሚዘንብበት፣ በልግም አለ። ዝናብ ባቆመ በማግስቱ ፀሐይ ወጥታ ሁሉ ደርቆ ስታዪ ውስጡ ገና ውሃውን አልጨረሰም። አምስት እርምጃ ላልሽው፣ አፉ አካባቢ ያለው ድንጋይ ነው በፀሐይና በዝናብ ከሁሉ ይበልጥ የተሰነጣጠቀው።

ሻማው። ደህና አየር ውስጥ ኦክስጅን 21 ከመቶ ገደማ ነው። የሻማ እሳት ወደ 16 ሲወርድ አካባቢ ይጠፋል። ያኔ አንቺም ራስሽን እየከበደሽ፣ አስተሳሰብሽ እየተዛባ ነው። እሳቱ ሳይጠፋም የተቃጠለ አየር በዝቶ ሊሆን ይችላል፣ እሱ ደግሞ ከባድ ስለሆነ ወለሉ ላይ ነው የሚተኛው። ሻማውን ከፍ አድርገሽ ይዘሽ ወደ ታች ያዘቀዘቀ ጉድጓድ ብትገቢ እሳቱ ደህና ነኝ እያለሽ እግርሽ ከመጥፎ አየር ውስጥ ይገባል። ጎንበስ ስትዪ ነው የምታውቂው። ውስጥ የሌሊት ወፍ ካለ ደግሞ የኩሱ አቧራ ለሳንባ ደግ አይደለም።

ድንጋዩን ማየት ከሆነ የፈለግሽው መግባት አያስፈልግሽም። ከየጉድጓዱ አፍ የተጣለ ቁልል አለ። አብዛኛው ቀለም የሌለው ኦፓል ነው፣ ገበያ ስለማያወጣ ጥለውት ነው። አንዱን አንሺና ምላስሽን አስነኪው፤ ጥብቅ ይልብሻል። የወሎ ኦፓል ውሃ ይጠጣል። ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ብትከቺው ትንንሽ አረፋ እየለቀቀ እንደ መስታወት ይጠራል፣ ሲደርቅ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ከመንዝ ጊሼ ቀድሞ ይወጣ የነበረው አብዛኛው ቡናማ ነበር፤ የደላንታው ነጭና ጥርት ያለው በ2000 ዓ.ም. ነው የተገኘው፣ የአገሩን ኑሮም የለወጠው።

ባጃጁ

መምህር፣ ምላሱን እንዴት አወቁት 😄 እኛ ገዥ ሲመጣ ድንጋዩን በምራቅ ማርጠብ ክልክል ነው የምንለው ለዚያ ነው። የረጠበ ድንጋይ ዋጋውን ይደብቃል።

ግን ከቁልሉም ቢሆን ሳትጠይቂ ኪስሽ አትክተቺ። ጥለውት ነው ማለት ሰጥተውሽ ማለት አይደለም። ያለ ፈቃድ ማዕድን ይዞ መገኘትም ያስጠይቃል፤ ኬላ ላይ «ለማስታወሻ ነው» ቢሉ ማን ይሰማል።

የጨው መኪና

ስለ ዳሎል የመለሰልሽ ስለሌለ እኔ ልበል። ከአፍዴራ ጨው እየጫንን ኮምቦልቻ ስናራግፍ የቆየሁ ሰው ነኝ፤ ዳሎልም ደርሻለሁ።

ሰፈሩ አለ። ግድግዳው ከጨው ጡብ ነው፣ ጣራው የለም፣ ዙሪያውን የዛገ ብረት ነው። ፖታሽ የሚባለውን ለማዳበሪያ የሚሆን ጨው ለማውጣት ነበር የተቆረቆረው። ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. በ1918 ከቀይ ባሕር ዳር፣ ከመርሳ ፋጡማ፣ ባቡር ሐዲድ እስከ ቅርቡ ድረስ አምጥተው ነበር፣ በኋላ አሜሪካኖችም መጥተው ሞክረው ሄዱ። ቦታው ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ እዚያ የተለካው ሙቀት የዓመቱ አማካይ ከ34 ዲግሪ በላይ ነበር። አማካይ ነው ያልኩት! ሌሊቱም ክረምቱም ተደምሮ።

ብቻሽን ግን በፍጹም። ድፍረት ጉዳይ አይደለም። ቢጫና አረንጓዴ የሆነው መሬት ከላይ ቅርፊት ነው፣ ከስሩ የሚፈላ አሲድ አለ። የት መርገጥ እንዳለብሽ የሚያውቀው የአገሩ የአፋር ሰው ነው፣ እሱም በየጊዜው ስለሚለዋወጥ አይቶ ነው የሚረግጠው። ጥላ የሚባል የለም። እኛ በመኪና ሆነን እንኳን ውሃ በጄሪካን ነበር የምንይዘው። ለደላንታ ቆላው በኩል ከወረድሽም ውሃሽን አታሳንሺ፤ ከላይ ብርድ ነው ብለሽ ጃኬት ትለብሻለሽ፣ ወደ በሽሎ ወንዝ ስትወርጂ ግን ሌላ አገር ነው። 3 ሊትር ለአንድ ቀን ትንሹ ነው።

ሙጋድ ሰፈር

እኔ ለመቀለድ ነበር የመጣሁት፣ ትምህርት ቤት ገባሁ።

የኮምቦልቻዋ

እሺ፣ ተረታሁ፤ ግን በግማሽ። ውስጥ አልገባም። ገመዱንም አልገዛም። ዳሎል ሰው ተሰባስቦ ሲሄድ አብሬ እሄዳለሁ፣ እንግዲህ ፎቶም አነሳለሁ።

የደላንታውን የገደል አፍ መንገድ ግን ብቻዬን መሄድ እፈልጋለሁ። ባጃጁ፣ ሌባ ሳልመስል እንዴት ነው የምሄደው?

ባጃጁ

አብሽሪ፣ ይሄማ ቀላል ነው። ወገል ጤና ስትደርሺ መጀመሪያ ቀበሌ ሂጂ፣ መታወቂያሽን አሳይተሽ ልትጎበኚ እንደመጣሽ ንገሪያቸው። ከዚያ የቆፋሪዎች ማህበር የት እንደሚገኙ ጠይቂ። አንድ ልጅ ይሰጡሻል። አትፈልጊውም፣ አውቃለሁ፤ ግን የመጀመሪያውን ግማሽ ቀን ብቻ አስከትይው። ጉድጓዶቹ ያሉበትን ያሳይሻል፣ ቆፋሪዎቹም ፊትሽን ይለምዱታል። ለልጁ የቀን ሥራውን ያህል ክፈይው፣ ጉርሻ ብለሽ አትስጪው፣ ያሳፍረዋል።

የግንባር ባትሪውን ቦርሳ ውስጥ አድርጊው። መዶሻ የሚመስል ነገር አትያዢ። ሰው ስታገኚ ቀድመሽ ሰላም በዪ፣ የቸኮልሽ አትምሰዪ። ሰው የሚሠራበት ጉድጓድ አፍ ላይ ከደረስሽ ከላዩ አትቁሚ፤ የምትረግጪው ጠጠር ከስር ያለው ሰው ላይ ነው የሚወርደው። ከጎን ሆነሽ ተጣሪ። ቡና ከተፈላ ይጠሩሻል፣ እሱን ካልጠጣሽ ያኔ ነው የሚጠረጥሩሽ።

ከሰዓት ብቻሽን ደቡቡን ጠርዝ ይዘሽ ሂጂ። የበሽሎ ሸለቆ ከስርሽ ይሆናል፣ ቀኑ ጥርት ካለ መቅደላን ከማዶ ታያታለሽ። እዚያ ላይ ጉድጓድም የለ፣ ጠያቂም የለ። 11 ሰዓት ሳይሆን ግን ወደ ከተማ ተመለሺ፤ ደጋው ላይ ጉም ሲወርድ ገደሉና መንገዱ አይለዩም።

የኮምቦልቻዋ

ኅዳር ላይ ነው ያሰብኩት። አዝመራው ያልተሰበሰበ ከሆነ ቆፋሪዎቹን አገኛለሁ?

ባጃጁ

ኅዳር ግማሹ ማሳ ላይ ነው። ታኅሣሥ አጋማሽ ይሻልሻል፤ ሰውም ይመለሳል፣ መሬቱም ደርቆ ይቆያል። ደሴ ስትደርሺ እዚሁ ጻፊልኝ፣ ከመናኸሪያ እስከ አክስትሽ ቤት በእኔ ነው።

ሙጋድ ሰፈር

እኔ ጋ ሁሌ ሂሳብ እያስከፈልከኝ?