ሚዛን በሌለበት ክብደት እንዴት ላስተምር?

ጠያቂ (መንዝ)፦ ሰላም ናችሁ መምህራን፣ 2ኛ ክፍል ነው የማስተምረው፣ ግራምና ኪሎ ላይ ደርሻለሁ ግን ት/ቤታችን ሚዛን የለም። ትናንት አንድ ጣሳ ስንዴና አንድ ፌስታል ሙሉ የበግ ፀጉር ይዤ ገብቼ የቱ ይከብዳል ስላቸው ሁሉም ፀጉሩ አሉኝ፣ ትልቅ ስለሆነ። ቤት እህል የሚሰፈረው በቁናና በጣሳ ስለሆነ መሰለኝ ስንት ኪሎ ነው ስላቸውም ሁለት ጣሳ ነው የሚሉኝ። እባካችሁ ምን ላድርግ?

ከደብረ ብርሃን፦ እህቴ ልጆቹ የሚያውቁትን ነው የነገሩሽ፣ ቁናና ጣሳ ይዘት ነው የሚለኩት። መጀመሪያ ቁጥር አታንሺ፣ በሁለት እጃቸው ይዘው ያመዛዝኑ። ከዛ ቀጥ ያለ ዱላ መሃሉን በሲባጎ አስረሽ መስኮቱ ብረት ላይ አንጠልጥዪው፣ ጫፍና ጫፉ ላይ እኩል ፌስታል እሰሪ። ባዶውን ካዘነበለ ሲባጎውን ጠጋ ማድረግ ነው።

ከእነዋሪ፦ ሲባጎውን እንኳን አታንቀሳቅሺው፣ ከመሃል ከወጣ አንዱ ክንድ ይረዝምና ሚዛኑ ይዋሻል። ቀለል ባለው በኩል ጭቃ ለጥፊበት፣ በቃ ይስተካከላል። እኔ ከዛ በባቄላ ነው የማስለካቸው፣ ዳስተሩ ስንት ባቄላ ይመዝናል እላለሁ፣ አንዱ ቡድን 40 ሲል ሌላው 46 ይላል ምክንያቱም የባቄላው ፍሬ እኩል አይደለም፣ ያኔ ራሳቸው ይጨቃጨቃሉ፣ ሁሉም የሚስማማበት ግራም ለምን እንዳስፈለገ የሚገባቸው እዛ ላይ ነው።

ከሸዋ ሮቢት፦ ለግራሙ ውሃ ተጠቀሚ። 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ገደማ ነው፣ ስለዚህ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውሃው 500 ግራም ይመዝናል። ግን እስከ አፉ አትሙዪው፣ ከ500 ግራም ያልፋል፣ ከሱቅ ሲገዛ ውሃው የሚደርስበት ላይ ምልክት አድርጊ። የፕላስቲኩ ክብደት እንዳይቆጠር ደግሞ በሌላኛው ፌስታል ተመሳሳይ ባዶ ሃይላንድ ክዳኑን ጨምረሽ አስቀምጪ፣ ይሄን ብዙ ሰው ይረሳዋል።

ከደብረ ሲና፦ ፊዚክስ ነው የማስተምረው። ኪሎ ግራም የመጠነ ቁስ (በእቃው ውስጥ ያለው የቁስ ብዛት) መለኪያ ነው፣ ክብደት ግን መሬት እቃውን የምትስብበት ኃይል ስለሆነ በኒውተን ነው የሚለካው፣ ለ2ኛ ክፍል ግን ክብደት በያቸው፣ ልዩነቱን ሲያድጉ ይደርሱበታል።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ! ዛሬ ዱላውን ሰቀልኩት፣ ጭቃውም ሰራ። የፀጉሩ ፌስታል ወደ ላይ ሲወጣ ክፍሉ ፀጥ አለ፣ ከኋላ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ መጥታ ስንዴውን ከስር በእጇ ደገፍ አድርጋ ለቀቀችው፣ እንደገና ሲወርድ አይታ "ትልቁ ቀለለ" አለችኝ። ለሰኞ ሃይላንድ አምጡ ብያቸዋለሁ።