የዕቅድ ውይይት፦ የቢዝነስ ምሩቃን ለጅማ ምን እንመልስ?

አስተባባሪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ቢዝነስና ኢኮኖሚክስ ኮሌጅ ጋር በጋራ ለምናቀርበው ዕቅድ ሐሳብ የምናዋጣው እዚህ ነው። መነሻ ሐሳቡ ይህ ነበር፦ ትልቅ ቦታ የደረሱ ምሩቃን አንድ ቅዳሜ ይጠሩ፣ አዳራሽ ውስጥ ልምዳቸውን ይንገሩ፣ ማታ እራት ላይ ለተማሪዎች መርጃ ገንዘብ ይሰብሰብ። ክፉ ሐሳብ አይደለም። ግን ሰኞ ጠዋት ተማሪው እጅ ላይ ምን ይቀራል? እኔ አንድ ቀን ተናግሮ ከሚሄድ እንግዳ ይልቅ ዓመቱን ሙሉ ስልክ የሚያነሳ ታላቅ ወንድም ወይም እህት ይበልጣል ባይ ነኝ። እስቲ ሥራ ላይ ያላችሁ፣ የመጣችሁበትን መንገድ ጻፉ። ዕቅዱን ከዚያ እናወጣዋለን።

የባንክ ሠራተኛ፣ አዲስ አበባ፦
እሺ፣ እኔ ልጀምር። ዛሬ ብድር ክፍል ነው ያለሁት። ሰው ይህን አይቶ "ተሳካላት" ይላል። ከዚያ በፊት የነበረውን ግን ማንም አይጠይቅም። ስመረቅ ማስታወቂያው ሁሉ "የሁለት ዓመት ልምድ" ይል ነበር። ዜሮ ዓመት የሚቀበል ሲገኝ ደግሞ ፈተናው አዲስ አበባ ነው። ከጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ። መሳፈሪያ አለ፣ ማደሪያ አለ፣ ምግብ አለ። ተፈትኖ ማለፍም ላይኖር ይችላል፣ ተመልሶ መምጣትም አለ። እኔን አክስቴ አሳደረችኝ። አዲስ አበባ ዘመድ የሌላቸው ጓደኞቼ ስማቸው ወጥቶ ሳይፈተኑ ቀሩ። በጭንቅላት በልጫቸው አይደለም።

ስለዚህ ለተማሪዎቹ መንገር የምፈልገው የደረስኩበትን ሳይሆን መሃሉን ነው። የጽሑፍ ፈተናው ምን ይመስላል? ቃለ መጠይቅ ላይ ምን ይጠየቃል? ከመስኮት ሥራ ወደ ብድር ክፍል እንዴት ይታለፋል? የመጀመሪያ ደመወዝ ስንት ነው፣ ከቤት ኪራይ ተርፎ ምን ይቀራል? ደግሞም በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የባንክ ሥራ አዋጅ ለውጭ ባንኮች በር ከፍቷል። የነጋዴን ሒሳብ አንብቦ "ይህ ሰው ብድሩን ይከፍላል፣ ያኛው አይከፍልም" ብሎ በማስረጃ መከራከር የሚችል ልጅ ይፈለጋል። ይህን ደግሞ በአንድ ቀን ንግግር አናስተምረውም።

ቡና አቅራቢ፣ አጋሮ፦
እህታችን ትክክል ብላለች። እኔ ማኔጅመንት ተምሬ ወደ አገሬ ነው የተመለስኩት። "ዲግሪ ይዘህ ቡና ልትለቅም?" ያለኝ ብዙ ነው። አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ለማግኘት ስድስት ኪሎ ገደማ ቀይ እሸት ትገዛለህ። የእሸቱ ዋጋ ጠዋትና ማታ ይለያያል። ገበሬው ጥሬ ገንዘብ ነው የሚፈልገው። የአንተ ገንዘብ ግን ቡናው ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ተሸጦ እስኪመለስ ወራት ይፈጃል። ባንኩ ወለዱን እየቆጠረ ነው። በአንድ ሳምንት ዋጋ ተሳስቶ የገዛ ሰው የዓመት ልፋቱን ያጣል። ይህ ሁሉ ክፍል ውስጥ በወጪ ሒሳብ ስም የተማርነው ነው። ማጠቢያ ጣቢያ ላይ ቆሞ ያላየ ተማሪ ግን አይገባውም።

የገበሬ ማኅበራቱን ደግሞ እዩ። በጎማ፣ በማና፣ በሊሙ፣ በጌራ ጥሩ ቡና ያላቸው መሠረታዊ ማኅበራት አሉ። ብዙ ጊዜ የሚቸገሩት በመዝገብ ነው። ማን ስንት ኪሎ አስገባ፣ ስንት ተከፈለው፣ የትርፍ ክፍፍሉ እንዴት ተሰላ። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 እ.ኤ.አ. ባጸደቀው የደን ሕግ ደግሞ ቡናው የበቀለበት ማሳ የት እንደሆነ ማሳየት ግዴታ እየሆነ ነው። መዝገብ ከሌለህ ቡናህ ጥሩ መሆኑ ብቻውን አያሻግርህም። ተማሪና ምሩቅ ሆነው እዚያ ይምጡልን። አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ አትጥሩን። ለቀማ ላይ ነን።

መምህር፦
ልጆች፣ አዲስ መዋቅር አትፍጠሩ። ዩኒቨርሲቲያችን በ1992 ዓ.ም. የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋህደው ሲቋቋም፣ ማኅበረሰብ ውስጥ ገብቶ መማርን መለያው አድርጎ ነው የተነሳው። ሲቢቲፒን፣ ማለትም ማኅበረሰብ ውስጥ የሚሰጠውን ሥልጠና፣ ሁላችሁም ወጥታችሁበታል። ተማሪው በቡድን ቀበሌ ገብቶ ችግር ያጠናል፣ ሪፖርት ይጽፋል። ሪፖርቱ ከተጻፈ በኋላ ግን ክትትል ያስፈልገዋል። እዚህ ላይ ነው ምሩቅ የሚገባው። ቡድኑ ከወጣ በኋላ የጀመሩትን መዝገብ ወር በወር የሚያይ ሰው።

ሁለት ነገር ዕቅዱ ውስጥ በግልጽ ይጻፍ። አንደኛ፣ ተማሪ የማኅበሩን ገንዘብ አይነካም፣ አይፈርምም፣ ያየውንም ሒሳብ ውጭ አያወራም። ሁለተኛ፣ ገበሬው የሚያወራው በኦሮምኛ ነው። ተማሪዎቻችን ከመላው አገሪቱ የመጡ ናቸው። እያንዳንዱ ቡድን ውስጥ ቋንቋውን አጥርቶ የሚናገር ቢያንስ አንድ ልጅ ይኑር። አስተርጓሚ አድርገን ሳይሆን የቡድኑ መሪ አድርገን። ይህ ለልጁም ትልቅ የሥራ ልምድ ነው።

የአራተኛ ዓመት ተማሪ፣ አካውንቲንግ፦
ስለፈቀዳችሁልኝ አመሰግናለሁ። እኛ ትልልቅ ሰዎችን እናከብራለን። ዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅን ከውጭ ተመልሰው የምርት ገበያውን ሲመሠርቱ በ2008 እ.ኤ.አ. ነበር። ይህን ክፍል ውስጥ ተምረነዋል፣ ያኮራናል። ነገር ግን እኔ ዛሬ ማታ ልጠይቀው የምፈልገው ሰው የዛሬ ሦስት ዓመት የተመረቀ ነው። ለመውጫ ፈተናው እንዴት አነበበ? ፈተናው ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ስለመጣ የቀደሙት ምሩቃን አያውቁትም። ከሲቪው ላይ ምን አወጣ? ስንት ቦታ አመልክቶ ዝም ተባለ?

ሌላ ደግሞ፣ ሴት ተማሪዎች አዳራሽ ውስጥ እጅ አውጥተን የማንጠይቀው ነገር አለ። ብቻዋን አዲስ አበባ ቤት ስለ መከራየት፣ ቃለ መጠይቅ ላይ "መቼ ልታገቢ ነው?" ሲባል ምን እንደሚመለስ። ሴት ምሩቃን ለብቻ የሚያገኙን ሰዓት ቢኖር ደስ ይለናል።

የሒሳብ ባለሙያ፣ ሂርማታ ገበያ፣ ጅማ፦
አንድ ነገር ልናገር። ጅማ የቀረነውን እንደወደቅን የሚያይ አስተሳሰብ አለ። ዕቅዱ ላይ "ስኬታማ ምሩቃን" የሚለው ዝርዝር ውስጥ አዲስ አበባና ውጭ አገር ያሉት ብቻ እንዳይገቡ። እኔ የዚህ ከተማ ነጋዴዎችን ሒሳብ ነው የምሠራው። ፒችትሪ የሚባለውን የሒሳብ ሶፍትዌር የማያውቅ፣ ደረሰኙን በፌስታል ጠቅልሎ የሚያመጣ ደንበኛ አለኝ። መዝገብ ያልያዘ ነጋዴ በግምት ይወሰንበታል። ከዚያ ሐምሌ ሲመጣ እንባ ነው። ገበያው መሃል ጠረጴዛ አውጥተን ባለሱቆችን የዕለት ገቢና ወጪ አመዘጋገብ እናስተምር። ቦታ እኔ እሰጣለሁ። ሰኔ ላይ አራተኛ ዓመቶቹ በፈተና ስለሚያዙ ሁለተኛና ሦስተኛ ዓመት ይሁኑ። ከግንቦት መጀመሪያ ብንይዘው ደግሞ ነጋዴው ጊዜ ያገኛል።

የላኪ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ፣ አዲስ አበባ፦
ሁላችሁንም አንብቤያለሁ። ቅር እንዳይላችሁ፣ ግን ገንዘብን እንዲህ ገፋ አታድርጉት። እኔ ጊዜ የለኝም። ገንዘብ ግን አዋጣለሁ። ኮምፒውተር ልግዛ፣ ክፍል ላሳድስ። አንዳንድ ጓደኞቼ "ኮስት ሼሪንጌን ከፍያለሁ፣ ምን ቀረብኝ?" ይላሉ። እኔ እንደዚያ አላስብም። የተማርኩበት ክፍል ግድግዳ ላይ የምሩቃን ማኅበራችን ስም ቢጻፍ ግን ለሚመጣው ልጅም ማበረታቻ ነው።

የባንክ ሠራተኛ፣ አዲስ አበባ፦
ጋሼ፣ ማንም ገንዘብዎን አልገፋም። ልለምንዎት፦ ክፍሉ ይቆይና መጀመሪያ ለፈተና መሄጃ ፈንድ እናቋቁም። ለሥራ ፈተና የተጠራ ምሩቅ የመጥሪያውን ፎቶ ይልካል፣ የደርሶ መልስ መሳፈሪያና የማደሪያ ይላክለታል። በቴሌብር በደቂቃ ይደርሳል። ለአንድ ክፍል እድሳት የሚወጣው ብዙ ልጆችን ፈተና ያደርሳል። ስም ከተፈለገም ፈንዱ በማኅበሩ ስም ይጠራ። ሥራ ያገኘ ልጅ ሲችል መልሶ ያስገባል። ካልቻለ አይጠየቅም።

የላኪ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ፣ አዲስ አበባ፦
ይህስ አሳመነኝ። መነሻውን እኔ አስገባለሁ። ግን ሒሳቡ ይታይ። ሦስት ፈራሚ፣ እድር ላይ እንደሚደረገው በየሦስት ወሩ ለአባል ይነበብ። አንዱ ፈራሚ ተማሪ ይሁን።

መምህር፦
ተማሪ ፈራሚ ሲመረቅ በየዓመቱ ባንክ መመላለስ ነው። ተማሪው ተቆጣጣሪ ይሁን፣ ፈራሚዎቹ ምሩቃን።

የላኪ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ፣ አዲስ አበባ፦
ተስማምቻለሁ።

አስተባባሪዋ፦
እንግዲህ ረቂቁን እንዲህ ላስተካክለው። የአዳራሹ ዝግጅት አልተሰረዘም፣ ግን የዕቅዱ መክፈቻ ብቻ ይሆናል። የመጣ ምሩቅ ሁሉ ከመሄዱ በፊት ጥቂት ተማሪዎች ይረከባል፤ በወር ሁለት ሰዓት በስልክም ቢሆን ያገኛቸዋል፣ ቢያንስ ለአንድ ዓመት። ተናጋሪዎቹ ግማሽ ያህሉ በቅርብ ዓመታት የተመረቁ ይሆናሉ። ጅማና አካባቢዋ የቀሩትም ከአዲስ አበባዎቹ እኩል መድረክ ያገኛሉ። የሴቶቹ ሰዓት ከሰዓት በኋላ ለብቻ ተይዟል።

የመስክ ሥራው ከሲቢቲፒ ጋር ይያያዛል። ለመጀመሪያው ዓመት ሁለት የቡና ማኅበራትና የሂርማታ ጠረጴዛ ይበቁናል። ከዚያ በላይ ከያዝን ክትትሉ ይላላል፣ ደግሞ ገበሬውን ተስፋ ሰጥቶ መጥፋት ትልቅ በደል ነው። ፈንዱ እንደተስማማነው።

ቀኑን በተመለከተ፣ ኅዳርን ቡናው ያዘው። ሰኔ ላይ ባንኮች ሒሳብ ይዘጋሉ፣ ተማሪውም ፈተና አለበት። ረመዳንንና ዓቢይ ጾምንም ስናይ ከፋሲካ በኋላ ያለው ሁለተኛ ቅዳሜ ይሻላል። ምሳው ላይ ሁሉም የሚበላው ነገር ይኑር። የሚቃወም አለ?

የአራተኛ ዓመት ተማሪ፣ አካውንቲንግ፦
እኛ ተስማምተናል። ተማሪዎችን ለምሩቃን ስትመድቡ በውጤት ብቻ አትምረጡ። ውጤቱ ዝቅ ያለው ነው ይበልጥ ሰው የሚያስፈልገው።

አስተባባሪዋ፦
ገብቷል። ምደባው በፍላጎትና በሥራ መስክ ይሆናል፣ ውጤት አይጠየቅም። ሰነዱ ሐሙስ ለኮሌጁ ይገባል። አጋሮ ያለኸው ወንድማችን፣ የሁለቱን ማኅበራት ፈቃድ እስከ ረቡዕ ልታገኝልን ትችላለህ?

ቡና አቅራቢ፣ አጋሮ፦
ነገ ሊቀመንበሮቹን አገኛቸዋለሁ። ግን በቃል ብቻ አልሄድም። አንድ ገጽ በኦሮምኛ የተጻፈ ማብራሪያ ላኩልኝ። ተማሪው ምን እንደሚሠራ፣ ምን እንደማይነካ ይጻፍበት።

መምህር፦
እኔ ዛሬ ማታ ጽፌ እልክልሃለሁ።