«አቻውን መስጠት በቂ ነው» የተባለው ዘዴ ፈሊጥ ለማስተማር ይሠራል? ክርክር

ሰሚራ፦ ዐረብኛ ተናጋሪ ልጆችን እንግሊዝኛ ለምናስተምር ሰዎች ከተሰጠው ሥልጠና ተቆርጦ የተለቀቀውን ድምፅ ሰማችሁት? አሠልጣኙ «የእንግሊዝኛ ፈሊጥ ለዐረብ ተማሪ ማስረዳት ቀላል ነው፤ አቻውን በዐረብኛ መስጠት በቂ ነው» ይላል። «በቂ ነው» ያለው ነው ያንገበገበኝ። «ላይክ ፋዘር ላይክ ሰን» (ልጅ እንደ አባቱ) የሚለውን «ሃዘሽ ሺብል ሚን ዛከል አሰድ» ብላችሁ ስጡትና እዩ። ዐረብኛው «ይህ ደቦል የዚያ አንበሳ ልጅ ነው» እንደማለት ነው፣ ሙገሳ ነው። እንግሊዝኛው ግን አባትም ልጅም ሰካራም ሲሆኑ ጭምር ይባላል። ተማሪው የአለቃውን ልጅ ሊያሞግስ ብሎ ይጽፈዋል፤ አንባቢው በነገር የወጋው ይመስለዋል። በቂ የሆነው ምኑ ነው?

አቡ ናሆም፦ ሰውየውን በአንድ ዐረፍተ ነገር አትስቀሉት። ያለን 45 ደቂቃ ነው። «በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ብቻ ላስረዳ ብትይ ሥዕል ስትስዪ፣ በእጅሽ ስታሳዪ የክፍለ ጊዜው ሩብ ያልቃል፤ ልጁም ስለ አደን የተማረ ይመስለዋል። «ዐስፉረይን ቢሐጀር» በዪው፣ አለቀ። ወፉም ድንጋዩም ያው ነው። «ኮልስ ቱ ኒውካስል»ንም ውሰጂ፤ ድሮ ከሰል ሞልቶ ወደነበረበት የእንግሊዝ ከተማ ከሰል ይዞ መሄድ ነው። ዐረቡ «ተምር ወደ ሀጀር እንደሚወስድ ሰው» ይላል፤ ሀጀር በምሥራቅ ዐረቢያ፣ በአል አሕሳ በኩል፣ በተምሩ የታወቀ የጥንት አገር ነው። ከዚህ በላይ ምን ማብራሪያ ይፈለጋል? በቂ ነው።

ተርጓሚው፦ ጋሼ፣ የመረጧቸው ሁለቱም የሚገጥሙትን ነው። የማይገጥመውን ልስጥዎት። ዐረብ ዜና ሲያስደስተው «አሥለጀ ሰድሪ» ይላል፣ ቃል በቃል «ደረቴን በረዶ አደረገልኝ»። እንግሊዝኛ ላይ ደስታ ሙቀት ነው፤ ቅዝቃዜ ጭካኔ ነው። ተማሪው «ዩር ሌተር ፍሮዝ ማይ ቼስት» (ደብዳቤህ ደረቴን በረዶ አደረገው) ብሎ የምስጋና ደብዳቤ ይጽፋል። እኛ «አንጀቴን አራሰው» ስለምንል ነገሩ አይከብደንም፣ እንግሊዙ ግን ልጁ የታመመ ይመስለዋል።

አቡ ናሆም፦ እሱ እኮ የተሳሳተው አቻው ስላልተነገረው ነው! «አሥለጀ ሰድሪ ማለት ሃርት ዋርሚንግ (ልብ የሚያሞቅ) ነው» ብትለው ኖሮ አይሳሳትም። ምሳሌህ አሠልጣኙን ነው የሚደግፈው።

ሰሚራ፦ ትርጉሙን ይደግፋል፣ አጠቃቀሙን አይደግፍም። «ሃርት ዋርሚንግ» የሚባለው ዜናው ነው፣ ታሪኩ ነው። አቻውን ብቻ የተሰጠው ልጅ «አይ አም ሃርት ዋርሚንግ» ይላል። ቃሉን ማን ላይ እንደሚያስቀምጠው አቻው አልነገረውም። ስለዚህ አሁንም በቂ አይደለም።

መቅደስ፦ እናንተ «በቂ ነው»ን እየጎተታችሁ ዋናውን ረሳችሁት። ፈሊጥ ከመቼ ወዲህ ነው የመጀመሪያ ትምህርት የሆነው? በየዝርዝሩ አናት ላይ «ሬይኒንግ ካትስ ኤንድ ዶግስ» (ዶፍ ዝናብ ነው ለማለት) አለ፤ ዛሬ በንግግር ማን ይለዋል? «ኒውካስል»ም እንደዚያው፣ መጽሐፍ ውስጥ ካልሆነ አይገኝም። በጣም የተለመዱትን 2,000 ቃላት ያልጨረሰ ልጅ ፈሊጥ ምን ይሠራለታል? ከፈሊጥ በፊት «ፑት ኦፍ» (ለሌላ ጊዜ ማስተላለፍ)፣ «ተርን ዳውን» (ድምፅ መቀነስ)፣ «ፑት አፕ ዊዝ» (መታገሥ) የሚባሉት ይቅደሙ፤ በየንግግሩ የሚመጡት እነሱ ናቸው። ዐረቡ ለማስተላለፍ «አጀለ» የሚል አንድ ቃል ስላለው «ፖስትፖን»ን ይመርጣል። አልተሳሳተም፣ ግን ሰው «ፑት ኦፍ» ሲለው አይገባውም።

እዚህ ላይ ዐረብኛው ራሱ መግቢያ ይሰጣል። «ረጊበ ፊ» ፈለገ ነው፤ «ረጊበ ዐን» ሸሸ፣ ጠላ ነው። ግሡ አንድ፣ መስተዋድዱ ትርጉሙን ይገለብጠዋል። ተማሪው ይህን ከሰዋስው ትምህርቱ ያውቀዋል። «ተርን ዳውን እና ተርን አፕም (መቀነስና መጨመር) እንደዚሁ ናቸው» ብትሉት ወዲያው ይገባዋል። የሚቀረው የቦታ ነገር ነው፤ እንደ «ተርን ዳውን» ባሉት ላይ ተውላጠ ስም ሲሆን መሐል ይገባል፣ «ተርን ኢት ዳውን» እንጂ «ተርን ዳውን ኢት» አይባልም። እሱን በቃል አስብሉት፣ በማስረዳት ብቻ አይያዝም።

አቡ ናሆም፦ ያው አንቺም በዐረብኛ ነው የምታስረጂው። ታዲያ ከአሠልጣኙ በምን ተለየሽ?

መቅደስ፦ በዐረብኛ መጀመርን አልተቃወምኩም፣ በዐረብኛ መጨረስን እንጂ።

ከአሶሳ፦ እኔን የከነከነኝ ሌላው ቃል ነው፣ «ዐረብ ተማሪ» የሚለው። የትኛው ዐረብ? የግብፁ «ፍሎር»ን (ወለል) «ፊሎር» ይለዋል፣ የኢራቁ «ኢፍሎር» ይላል። የግብፁ መብራት «ኢፍተሕ» (ክፈት) ስለሚል «ኦፕን ዘ ላይት» ይጽፋል፤ «ሸጊል» (አስነሳ) ማለት የለመደው ግን ያን ስህተት ላይሠራው ይችላል። በ2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተነሳ ወዲህ በኩርሙክ በኩል የገቡት የሱዳን ልጆች ደግሞ የራሳቸው አነጋገር አላቸው። የካይሮ ምሳሌ ብትሰጣቸው እንግሊዝኛውን ለመረዳት መጀመሪያ የካይሮውን ማስረዳት ይኖርብሃል። አቻ የምትሉት የማን አቻ ነው?

ተርጓሚው፦ ትክክል። አበሻ አስተማሪ ሊጠነቀቅበት የሚገባ አንድ ነገር ልጨምር። ተማሪው «ኦፕን ዘ ቲቪ» ሲል እኛም ቴሌቪዥን ክፈት ስለምንል ስህተቱ ጆሯችንን አይቆረቁረውም። ሳናርመው ያልፋል።

የፊደል ልጅ፦ አበሻ አስተማሪ የማይታየው ሌላም አለ። ፊደላችን አናባቢውን እያንዳንዱ ላይ ይዞ ይመጣል። በዐረብኛ ጋዜጣ ላይ አጭር አናባቢ አይጻፍም፤ አንባቢው ተነባቢዎቹን አይቶ ቀሪውን ከአገባቡ ይሞላል። ያንን ልማድ ወደ እንግሊዝኛ ሲያመጣው «ባተር»፣ «ቤተር»፣ «ቢተር» ሦስቱም በ-ተ-ረ ይሆኑበታል። ቅቤውን፣ የተሻለውንና መራራውን ሲያምታታ ሰነፍ ትሉታላችሁ፤ ሰነፍ አይደለም፣ ዓይኑ ማንበብ የለመደው እንደዚያ ነው። ስለዚህ ሦስቱን በአንድ ቀን፣ በአንድ ገጽ አትስጡ። አንዱን ስጡ፣ ሲጸና ሌላውን። አናባቢዋን በሌላ ቀለም ጻፉ። መጀመሪያ ያድምጥ፣ ከዚያ ያንብብ። ይህን የትኛው የዐረብኛ አቻ ይፈታዋል?

አቡ ናሆም፦ አሁን ወደ አነባበብ ወጣችሁ። ርዕሱ ፈሊጥ ነው።

የፊደል ልጅ፦ አልወጣሁም ጋሼ። ዐረብኛ ውስጥ «ፐ» የለም። «ፓክ አፕ» ዕቃ መሸከፍ ነው፣ «ባክ አፕ» ወደኋላ መመለስ ወይም ማገዝ ነው። ልጁ ሁለቱን አንድ አድርጎ ከሰማ የትኛውን አቻ ይሰጡታል? ቀጭን ወረቀት በከንፈሩ ፊት ያስይዙት፤ በትክክል «ፓክ» ሲል ወረቀቱ ይንቀጠቀጣል፣ «ባክ» ሲል ዝም ይላል። በሁለት ደቂቃ ልዩነቱን በዓይኑ ያየዋል።

ሰሚራ፦ ወደ ፈሊጡ ልመልሳችሁ። እኔ የምለው ቅደም ተከተሉ ይገልበጥ ነው። መጀመሪያ ፈሊጡ ያለበት የሁለት ዐረፍተ ነገር ንግግር ይሰጠው። ተናጋሪው ተደስቷል ወይስ ተናዷል? ይህን ይመልስ። ከዚያ አቻውን ራሱ ከአገሩ ዐረብኛ ያምጣ፤ ሱዳኑ የሱዳኑን፣ ኩዌቱ የኩዌቱን። ቀጥሎ «ያንተኛውን ለነቀፋም ትሉታላችሁ?» ተብሎ ይጠየቅ፤ የአንበሳው ነገር የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው። መጨረሻ ላይ ስለሚያውቀው ሰው አንድ ዐረፍተ ነገር ይጻፍ። በሳምንት ከአምስት ፈሊጥ በላይ አታስገቡ፣ ይደባለቅበታል።

አቡ ናሆም፦ ይህ ለመካከለኛ ደረጃ ነው። አሠልጣኙ ስለ ጀማሪ ነው የተናገረው። ለጀማሪ ወፏና ድንጋዩ ይበቁታል፤ የአንበሳውን ጣጣ ሲደርስበት ያየዋል።

ሰሚራ፦ «ለጀማሪ» የሚለውን እርስዎ ነዎት የጨመሩት። ድምፁን መልሰው ያድምጡት፣ «ለዐረብ ተማሪ» ነው የሚለው።

መቅደስ፦ ለጀማሪ ከሆነማ የበለጠ ተሳስቷል። ለጀማሪ ፈሊጥ አይሰጥም አልኩ እኮ!

አቡ ናሆም፦ የመማሪያ መጽሐፉ ላይ ካለስ? ወላጅ ደብተር ከፍቶ «ይህ ገጽ ለምን ተዘለለ?» ሲል አንቺ መልስ ስጪው።

ከአሶሳ፦ ጥያቄዬ አልተመለሰም። የማን አቻ ነው?